ከወልክፊት በኋላ ያለው ዕድሜ

በወገራና በስሜን ደጋ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ባለው አገር አንድ የቀድሞ ወታደር ዐርፎ ጸሎተ ፍትሐቱ ከደረሰለት በኋላ፣ አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት ከዘመዶቹ ወይም ከእድሩ ሰዎች አንዱ በድምፅ ማጉያ ፊት ይቆምና የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። የተወለደበት ዓመተ ምሕረትና ቀበሌ፣ የወላጆቹ ስም፣ ወደ ውትድርና የገባበት ጊዜ፣ የዘመተባቸው ግንባሮች፣ የቆሰለበት ቦታ፣ ያገኘው ማዕረግና ሜዳይ በየተራቸው ይጠራሉ፤ በመጨረሻም ባለትዳርና የስድስት ወይም የስምንት ልጆች አባት እንደ ነበረ የምትናገር አንዲት ዐረፍተ ነገር ትጨመርና ወረቀቱ ታጥፎ ወደ ኪስ ይገባል። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ዘመቻ ገጹ ሙሉ ሲሰጥ፣ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት አባትነት ግማሽ መስመር ይበቃዋል ተብሎ ተፈርዷል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በዚህ ፍርድ ላይ ነው።

በጦር ሜዳ የወደቀውን ሰው በሞቱ ማሰባችን ተገቢ ነው፤ ዕድሜው እዚያ ተፈጽሟልና። የተመለሰው ግን ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ከሰቀለበት ቀን አንሥቶ እስከ ዕለተ ዕረፍቱ ድረስ ሌላ ዘመን ተጨምሮለታል፤ እርሻው፣ ትዳሩ፣ ልጆቹ፣ ከጎረቤቱ ጋር ያሳለፈው ክፉና ደግ ሁሉ ከወደቁት ጓደኞቹ አንዱም ያላገኘው የእርሱ ድርሻ ነው። ይህን ትተን ግንባሩን ብቻ ስናነብለት፣ በሕይወት የተመለሰውን ሰው እንደ ቀረ ሰው አድርገን እንቀብረዋለን።

የድሮዎቹ አልቃሾች በዚህ ነገር ከእኛ ከጸሐፊዎቹ ይልቅ ዐዋቂዎች እንደ ነበሩ መመስከር ይገባል። ደረት እየተመታ፣ የሟቹ በቅሎ በዕቃዋ ተሸልማ በለቅሶው አደባባይ ስትዞር፣ ጋሻውና ጠመንጃው ለሕዝብ ሲታይ፣ ሙሾ አውራጇ ፉከራውንና ቀረርቶውን ለወንዶቹ ትታ እርሷ ወደ ቤቱ ትገባ ነበር፤ ስንት የመሸበት መንገደኛ እንዳሳደረ፣ የሙት ልጅ ከገዛ ልጆቹ ሳይለይ እንዳሳደገ፣ በክፉ ቀን ጎተራውን እንዳልቆለፈ፣ ሚስቱን በሰው ፊት እንዳላዋረደ፣ በወንድማማች መካከል የገባ የድንበር ጠብ በእርሱ ቃል እንደ ተቋጨ እያነሣች ታስለቅስ ነበር። ሙሾ ግን ማደሪያው የሰሚው ጆሮ ነውና አልቃሿ ስታልፍ አብሮ ያልፋል፤ በወረቀት የመጣው የሕይወት ታሪክ ደግሞ ቋሚ ሆኖ ሳለ ቀንና ማዕረግ ብቻ ተሸክሞ ቀረ። ሥርዓቱን ከመሥሪያ ቤት የሠራተኛ ማኅደር የተዋሰ ይመስለኛል፤ ማኅደር ደግሞ ስለ ቅጥርና ስለ ዝውውር ይጠይቃል እንጂ ሰውየው ማታ ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ይደሰቱ ወይም ይደነግጡ እንደ ነበር አይጠይቅም።

በአገራችን የጽሕፈት ልማድም ለዚህ ሰው የተዘጋጀ ቦታ አልነበረም። ለቅዱሳን ገድል አለ፤ ከእናት ከአባታቸው ስም ጀምሮ ትሩፋታቸው፣ ተጋድሏቸውና የተቀበሉት ቃል ኪዳን ይጻፋል። ለነገሥታት ዜና መዋዕል አለ፤ የንጉሥ የቤቱ ነገርም ከዘመቻው ጋር አብሮ ይነገራል። እዚሁ ስሜን ውስጥ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን እንመልከት፤ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለራሳቸው ንግሥ አዘጋጅተዋት ነበር በምትባለው በዚህች ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል አድርገው ቅብዐ ንግሥ የተቀበሉት ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሆኑ፣ ንጉሡ እቴጌ ተዋበችን ምን ያህል ይወዷት እንደ ነበር፣ ስትሞትባቸውም ምን ያህል እንዳዘኑ፣ በኋላም የተሸናፊውን የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን እንዳገቡና ያ ትዳር እንደ ፊተኛው እንዳልሰመረ እስከ ዛሬ ይነገራል፣ ይጻፋልም። በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ ጦር ይዞ የቆመው ባላገር ግን ሚስት ነበረችው ወይስ አልነበረችውም ብሎ የጠየቀ ጸሐፊ አልተገኘም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1928 ዓ.ም. የክተት ነጋሪት በተጎሰመ ጊዜ ዳባት የደጃዝማች አያሌው ብሩ መቀመጫ ነበረች። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ሠራዊት አስከትለው በዚሁ በወገራ በኩል ወደ ሰሜን ሲያቀኑ፣ የስሜንና የወገራ ገበሬ ያልታጨደውንና ያልተወቃውን ገብሱን ለሚስቱና ለልጆቹ ትቶ፣ ያለው ውጅግራውን ወይም ምንሽሩን፣ የሌለው ጎራዴውንና ጦሩን ይዞ፣ በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ ወደ ተከዜ ወረደ። ታኅሣሥ 5 ቀን ደምበጉና ላይ የኢጣልያንን ትናንሽ ታንኮች በተራራው መተላለፊያ አፍኖ፣ ላያቸው ላይ እየወጣ ነጂዎቻቸውን በውስጣቸው እያስቀረ ድል አደረገ፤ በዚያው ወር ግን በተከዜ ዳርቻ ከአውሮፕላን የወረደው መርዝ ፊቱንና እጁን ላጠው፤ በየካቲት መጨረሻም በሽሬ ጦርነት ሠራዊቱ ሲፈታ፣ የተረፈው የስሜንን ገደል እየቧጠጠ ወደ ቀዬው ተመለሰ። እስከዚህ ያለውን ታሪክ ጽፎታል፤ ዘማቹን የኛም የባዕድም ጸሐፊ ዘክሮታል። ከዚያ በኋላ ግን መርዝ የላጠው እጅ በሚቀጥለው ክረምት ሞፈር ጨብጧል፤ ይህን የዘከረ የለም።

ለሌላው አገር የስደቱና የመከራው ዘመን የሚያበቃው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ለደባርቅ ሰው ግን ያ ቀን ከጦርነቱ ወራት አንዱ ነበር፤ በየዓመቱ የድል በዓል ሲከበር ይህ ነገር ሳይነሣ በመቅረቱ ቅር እንደሚለኝ አልደብቅም። ኢጣልያኖች ከጎንደር ወደ አስመራ ባወጡት ጎዳና ላይ፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ከመጠምዘዙ በፊት ያለውን የወልክፊትን በር ምሽግ አድርገው፣ በኮሎኔል ጎኔላ አዛዥነት ክረምቱን ሙሉ በዚያ ብርድና ጭጋግ ውስጥ ተዘግተው ከረሙ። አርበኛውም ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር ሆኖ ዙሪያውን ከበበ፤ ስንቅ አላስገባ አለ፤ በመጨረሻም ረኃብና ከበባ ያደከመው 3000 ያህል የምሽግ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. መስቀል በሚከበርበት ሰሞን እጁን ሰጠ። ጎንደር እስክትወድቅ ደግሞ አርበኛው እስከ ኅዳር 18 ቀን መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ የዚህ አገር አርበኛ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ የተመለሰው ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ከወራት በኋላ ነው፤ አንዳንዱ የአምስት ዓመት ልጁን ያን ጊዜ ገና ማወቁ ነበር።

በወልክፊት እጁን ከሰጠው ጦር ግማሽ ያህሉ ነጭ አልነበረም፤ በጠላት ባንዲራ ሥር የገባ የአፍሪካ ሰው ነበር፣ የአገሩም ተወላጅ ነበረበት። ስለዚህ ጉዳይ መናገር እስከ ዛሬ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ሰውየው ጠፍቶ አልቀረም፤ ቤት ሠርቷል፣ ሚስት አግብቷል፣ ልጅ አሳድጓል። ትናንት በምሽጉ ውስጥ የነበረውና ትናንት ምሽጉን የከበበው በአንድ ደብር ሲያስቀድሱ፣ ልጆቻቸው በአንድ ሜዳ ከብት ሲጠብቁ፣ አልፎ አልፎም ልጅ ለልጅ ሲጋቡ፣ ያንን ቂም ያለ ደም ያሳደረው የማን ጥበብ ነው? የመንግሥት ዐዋጅ ብቻውን አላደረገውም። የነፍስ አባት ንስሐ ሰጥቷል፣ ሽማግሌ ድንጋይ አሸክሞ አስታርቋል፤ ከሁሉም ይልቅ ግን አርበኛው ራሱ ማታ በእሳት ዳር ለልጆቹ ጦርነቱን ሲያወራ የማንን ስም አንሥቶ የማንን ስም እንደሚተው መርጧል። ይህች ምርጫ ከደምበጉና ድል የማታንስ አገር የማዳን ሥራ ናት ብዬ አምናለሁ፤ በመቃብር አፋፍ ስትነበብ ግን ተሰምታ አታውቅም።

የመኳንንቱ ነገር ሌላ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ በዚሁ ጎዳና ያለፉት የራስ እምሩ ታሪክ አንድን ዘማች ከነቤቱ ማሰብ ምን እንደሚመስል ያሳየናል። ከሽሬ ሽንፈት በኋላ በስሜን በኩል አፈግፍገው፣ ወደ ምዕራብ ተሻግረው በጎሬ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ቆይተው፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩና ፖንዛ በምትባል የኢጣልያ ደሴት ታሰሩ። (በ1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ተሽሮ በተያዘ ጊዜ የተጋዘው ወደዚያችው ደሴት ነው፤ ያስቀመጡትም ራስ እምሩ በነበሩበት ቤት እንደ ነበረ ተጽፏል። እግዚአብሔር ሲፈርድ ቤት እንኳ አይለውጥም።) ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተፈትተው ወደ አገራቸው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሰባት ዓመት ያህል ኖሩ። በእነዚህ ዓመታት በአምባሳደርነት ባሕር ማዶ አገልግለዋል፤ መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው በመስጠታቸው በመኳንንቱ መካከል እንደ እንግዳ ታይተዋል፤ ሰባት ሴቶች ልጆችና አንድ ወንድ ልጅም ነበሯቸው። ወንዱ ልጅ፣ ልጅ ሚካኤል እምሩ፣ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ከሴቶቹም ዮዲት እምሩ ሴት ልጅ አምባሳደር መባል ባልተለመደበት ዘመን አምባሳደር ሆነች። ራስ እምሩ በ1972 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ መኳንንቱን ያሳደደውና የገደለው መንግሥት እንኳ እርሳቸውን በክብር ቀበረ። ሽሬ ላይ ቢወድቁ ኖሮ የምናውቃቸው እንደ ተሸነፈ የጦር አዝማች ብቻ ነበር፤ ሙሉውን ሰው ያሳየን ከዘመቻ በኋላ የኖሩት ዕድሜ ነው። «ካየሁት ከማስታውሰው» የተሰኘው የራሳቸው ጽሑፍም ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ታትሞ ለትውልድ ደርሷል።

ከራስ እምሩ ኋላ ተከትሎ የሄደው የወገራ ገበሬ መጽሐፍ አልጻፈም፤ ልጁም ጠቅላይ ሚኒስትር አልሆነም። ቢሆንም ቤቱን ገብቶ ለሚያይ ሰው ታሪኩ አይጠፋም። አሁን የምገልጸው ሰው የአንድ ቤት ሰው አይደለም፤ በደባርቅም፣ በዳባትም፣ በጃናሞራም በየጎጡ የሚገኝ አባት ነው። በዚያ ከፍታ፣ ገብስ እንጂ ሌላ እህል እንደ ልብ በማይበቅልበት፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት አገር አንድን ቤተ ሰብ ከዓመት ዓመት ማድረስ ራሱን የቻለ ዘመቻ ነው። ይህ ሰው ለቅዳሜ ገበያ ሌሊት ተነሥቶ ይወርዳል፤ በግ ሸጦ የልጁን ደብተርና የሚስቱን መቀነት ይዞ ሲመሽ ይመለሳል። ቁስሉ በክረምት ሲጠዘጥዘው ለማንም አይናገርም፤ ሚስቱ ግን አረማመዱን አይታ ታውቃለች፣ ሳትጠየቅ ውኃ ታሞቃለች። ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኘው እስከ ከተማው ዳር አብሮት ይሄዳል፤ ፊደል የቆጠረ አይደለምና የሚመክረው ስለ ትምህርት አይደለም፤ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ስንቁን ከማን ጋር እንደሚካፈል፣ በጠብ መካከል ሲገኝ የትኛውን እግሩን ወደ ኋላ እንደሚያደርግ ይነግረዋል። ጦር ሜዳ የተማረው ትምህርት ይህ ነበር፤ ለልጁ ያወረሰውም ይህንኑ ነው።

ስለ ሴት ልጁም አንድ ነገር ልበል። በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመት መዳር የተለመደ በሆነበት አገር፣ ለልመናና ለምልጃ የመጡትን ሽማግሎች በጠላና በአረቄ አስተናግዶ ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ ብሎ የመለሰ የቀድሞ ወታደር ከተገኘ፣ ያ ሰው ያን ቀን የተጋፈጠው የወንድሞቹን ቁጣ፣ የአማቾቹን ቅያሜና የጎረቤቱን ሐሜት ነው። እንዲህ ያለው ጀግና ፉከራ የለውም፤ ሜዳዩም የልጅቱ የትምህርት ወረቀት ናት። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፈው ሰው ይህን ቢሰማ ኖሮ ከየትኛውም ግንባር በላይ ባሰፈረው ነበር፤ ግን አልጠየቀም።

ይህን ስል ከጦር የተመለሰ ሁሉ መልካም አባት ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ከጦር ሜዳ ቁጣን ይዞ የገባ፣ ሌሊት እየጮኸ ቤቱን የሚያነቃ፣ አረቄ ቤት ውሎ ማታ በዱላ የሚናገር፣ ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ ወደ ጓዳ የሚሸሹት አባት በየመንደሩ ነበረ፣ ዛሬም አለ። በሕይወት ታሪኩ ግን እርሱም «የተከበሩ፣ ተወዳጅና ታታሪ» ተብሎ ይነበብለታል። እንዲህ ያለው አንድ ዐይነት ውዳሴ መልካሙንም ክፉውንም አንድ ያደርጋቸዋል፤ በእውነት ትዕግሥተኛ የነበረው አባት ትዕግሥቱ ዋጋ እንዳያገኝ የሚያደርገው ይኸው ነው። ስለ ሟች ክፉ አይነገርም የሚለውን ልማድ አከብራለሁ፤ ነገር ግን መልካሙ በዝርዝር ከተነገረ፣ ዝርዝር የሌለው ምን እንደ ነበረ ሰሚው ራሱ ያውቀዋል።

ደግሞም በዚህ ነገር ውስጥ ባለቤቱ አለች። በዘመቻ ጊዜ ስንቅ ያዘጋጀችው፣ አንዳንዴም ውኃ በገንቦ፣ ዱቄት በስልቻ አዝላ ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘችው፣ በአምስቱ ዓመት ለአርበኛው ምግብና ወሬ ያቀበለችው፣ ሰውየው ሲመለስም ቤቱን እንደ ቤት ያቆየችለት እርሷ ናት። በቤቱ ከተረጋጋም ያረጋጋችው እርሷ ናት፤ ሳይረጋጋ ከቀረም ዱላውን የተቀበለችው እርሷው ናት። ባሏ ሲሞት ስሟ በግማሽ መስመሯ ውስጥ ይጠራል፤ እርሷ ስትሞት ደግሞ «የአርበኛ እገሌ ባለቤት» ተብላ ትቀበራለች። የዘማቹ የቤት ታሪክ ቢጻፍ ከሁሉ በፊት ከጨለማ የምትወጣው እርሷ ትሆናለች፤ ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ መጻፉ ተገቢ በሆነ ነበር።

የአርበኞቹ ዘመን አልፎ ሌሎች ዘመቻዎች መጥተዋል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የሄዱት የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን ሠውተው፣ አንድም ሰው ሳይማረክባቸው ተመልሰዋል፤ የእነርሱ ታሪክ በአዲስ አበባም በኮሪያም ሐውልትና መታሰቢያ አግኝቷል። በ1983 ዓ.ም. የፈረሰው የቀድሞ ሠራዊት ግን፣ ከ400 ሺህ በላይ ሰው፣ ያለ ሐውልትና ያለ እልልታ፣ አብዛኛው በባዶ እግሩ ወደየቤቱ ገባ። ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ የተሸነፈ መንግሥት ወታደር ተብሎ በመንደሩ ዝም ያለ ሰው፣ የቀን ሥራ ሠርቶ፣ ዘበኛ ሆኖ፣ የሰው መሬት በእኩል አርሶ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አደረሰ። ዛሬ በደባርቅና በዳባት መሥሪያ ቤት ከተቀመጡት፣ በትምህርት ቤት ከሚያስተምሩት መካከል የዚህ ዝምተኛ ሰው ልጆች ጥቂት አይደሉም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ትውልድ ወደ ባድመና ወደ ጾረና ዘመተ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ ራሱ ወደ ደጃፋችን መጣ፤ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት የብዙ ሰላማውያን ደም ፈሰሰ፤ ዘማች ሳይባል፣ ደመወዝ ሳይቆረጥለት፣ ከሞፈሩ ተነሥቶ ተዋግቶ ወደ ሞፈሩ የተመለሰው አባት ቁጥሩ በየትኛውም መዝገብ የለም። እነዚህ ሰዎች ገና ጎልማሶች ናቸው። ዋናው ታሪካቸው ያለፈው ጦርነት ነው ብሎ ማሰብ፣ ከፊታቸው ያለውን የሠላሳና የአርባ ዓመት አባትነት ከአሁኑ መናቅ ነው።

ሁለት መቃወሚያ እንደሚቀርብብኝ አውቃለሁ። አንደኛው፣ ልጅ ማሳደግ የሁሉም ሰው ሥራ ነው፣ መዝመት ግን የጥቂቶች ነውና ልዩ የሆነው ይነገር የሚለው ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ሰው ሲገድልና ሲገደል ያየ ዐይን ይዞ ቤቱ ገብቶ ሕፃን ማባበል የሁሉም ሰው ሥራ አይደለም። ሁለተኛው መቃወሚያ ከአረጋውያኑ ከራሳቸው የሚመጣ ነው፤ የቤት ነገር በቤት ይቅር፣ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሎ ተጽፏል ይላሉ። ትሕትናቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ያ ቃል የታዘዘው ለሠሪው እንጂ ለተቀባዩ አይደለም፤ አባት ስለ ራሱ ዝም ይበል፣ ልጁ ግን የተቀበለውን ዝም የማለት መብት የለውም።

የወልክፊትን ምሽግ ከከበቡት ተዋጊዎች ዛሬ በሕይወት ያለ አለ ለማለት አያስደፍርም። በዚያ መስቀል ሰሞን አባቱ ሲመለስ በደጅ የቆመው ሕፃን ግን ምናልባት ዘጠና ዓመት አካባቢ ሆኖት በአንድ ቤት ፀሐይ እየሞቀ ይሆናል፤ በ1983 የተመለሰው ደግሞ ስድሳና ሰባ ዓመቱን ይዞ በየቀኑ በገበያ እናየዋለን። ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በደባርቅም በዳባትም ያላችሁ የእድር ጸሐፊዎች፣ የሕይወት ታሪክ እንድትጽፉ ስትጠሩ አስቀድማችሁ የዘመቻ ወረቀቱን አትጠይቁ፤ አስቀድማችሁ ባለቤቱንና ትልቋን ሴት ልጁን አነጋግሩ፤ ከዚያ በኋላ የዘመቻውን ወረቀት ተቀበሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች፣ ስለ ጦርነቱ ልትጠይቁት የሄዳችሁትን ሽማግሌ ከዚያ በኋላ እንዴት ኖረ ብላችሁም ጠይቁት፤ ዝም ቢልም ታግሣችሁ ተቀመጡ። ልጆችም፣ አባታችሁ በሕይወት ሳለ ታሪኩን ጽፋችሁ አንብቡለት፤ የተሳሳተውን ያርመው፣ የተረሳውን እናታችሁ ትጨምርበት፤ ከዚያም ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱን በቤታችሁ ሣጥን፣ አንዱን በደብራችሁ ዕቃ ቤት አስቀምጡ። ይህን ለማድረግ የሚመጣው መስቀል እስኪደርስ አትጠብቁ።